ባዮሴንሰር «ፖዘቲቭ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ባዮሴንሰር ሲባል ብዙ ሰው ባክቴሪያን ቆጥሮ የሚያሳይ መሣሪያ ይመስለዋል። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። አንዱ ክፍሉ የሚፈለገውን ነገር ለይቶ ይይዛል፤ ይህ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ጀርምን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን)፣ ኢንዛይም ወይም የዲኤንኤ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ሌላው ክፍል ያንን መያያዝ ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ወደ ብርሃን ምልክት ይቀይረዋል።

ግራ የሚያጋባው ውጤቱ ነው። «ፖዘቲቭ» ሲባል መጀመሪያ «ምኑ ተገኝቶ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዲኤንኤ የሚፈልግ ሴንሰር የጀርሙን አሻራ ናሙናው ውስጥ አግኝቷል ማለት ነው፤ አሻራው ግን ከሞተ ባክቴሪያም ሊመጣ ይችላል። ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው ደግሞ የተመረመረችው እንስሳ፣ ለምሳሌ የላም፣ ሰውነት ከጀርሙ ጋር መተዋወቁን ብቻ ይናገራል።

ላሞችን በሚያስወርደው የባክቴሪያ በሽታ፣ በብሩሴሎሲስ ላይ ይህ ልዩነት በጣም ያሳስበኛል። ኤስ19 የተባለውን ክትባት የወሰደች ጊደር ጤነኛ ሆና ሳለ በፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ፖዘቲቭ ልትሆን ትችላለች። የርሲኒያ የተባለ ባክቴሪያ አንድ ዓይነትም ምርመራውን ያሳስታል፤ የእሱና የብሩሴሎሲስ ባክቴሪያ የውጭ ሽፋን በጣም ይመሳሰላልና። በተቃራኒው ገና በቅርቡ የተያዘች ላም ፀረ እንግዳ አካል እስክታመርት ድረስ «ኔጌቲቭ» ልትባል ትችላለች። ስለዚህ ፖዘቲቭ የተባለች ላም ከመታረዷ በፊት ውጤቱ በሌላ ዘዴ ይረጋገጥ፤ የክትባት ታሪኳም ይታይ።