ጠንካራ ካርታ ሲያዝ መወራረድ ወይስ ቼክ ማለት? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ወዳጃችን ቤት ቅዳሜ ማታ ቴክሳስ ሆልደም እንጫወታለን፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ተሰጥቶ አምስት ካርታ ለሁሉም የሚገለጥበት የፖከር ዓይነት ነው። ገንዘብ አናስይዝም፤ የምንቆጥረው የሽንብራ ፍሬ ነው። በቅርቡ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ሁለት ዘጠኝ ደረሳቸው። ፍሎፑ፣ ማለትም ለሁሉም የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች፣ ንጉሥ፣ ዘጠኝና አራት ሆነ። ሦስት ዘጠኝ ያዙ ማለት ነው። ዘጠኙና አራቱ ግን የልብ ምልክት ነበራቸው። መሃል ላይ 40 ሽንብራ ተቀምጧል። ጋሼ ቼክ አሉ፤ ሳይወራረዱ፣ ካርታም ሳይጥሉ ተራውን ለቀጣዩ ለቀቁ። አራተኛው ካርታ ምንም የማይለውጥ ሁለት ነበር፤ አሁንም ቼክ አሉ። የመጨረሻው የልብ ጃክ ሆነ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ወጣት ተወራረደ፣ ጋሼ ያንኑ ያህል ከፈሉ፣ ወጣቱም የልብ አስና የልብ ሰባት ዘረጋ። አምስት ልብ፤ ሦስት ዘጠኝን ይበልጣል።

«ጋሼ፣ ያን የመሰለ ካርታ ይዘው ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«እንዳይሸሽብኝ ብዬ ነው እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

ይህን መልስ ከብዙ ተጫዋቾች ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ይቆጨኛል። ሁለት እኩል ካርታ ይዞ በፍሎፑ ላይ ሦስተኛውን ማግኘት ከ100 ጊዜ 12 ጊዜ ያህል ብቻ የሚያጋጥም ዕድል ነው። እንዲህ ተጠብቆ የመጣ ካርታ በተሳሳተ እምነት መባከን የለበትም።

አመለካከት፦ «ጠንካራ ካርታ የያዘ ሰው መደበቅ አለበት»

እውነታው፦ ብዙውን ጊዜ ድብብቆሹ የሚጎዳው ደባቂውን ነው። ሂሳቡን እንየው። መሃል ላይ 10 ሽንብራ አለ እንበል። የመሃሉን ግማሽ፣ 5፣ ብትወራረዱና አንድ ሰው ቢከፍል 20 ይሆናል። በአራተኛው ካርታ እንደገና ግማሹን ብትወራረዱ 40፣ በአምስተኛው ደግሞ 80 ይደርሳል። በፍሎፑ ላይ ቼክ ብላችሁ በቀሩት ሁለት ዙሮች ብቻ ብትወራረዱ ግን የሚያልቀው በ40 ነው። አንድ ጊዜ ዝም ማለት የመጨረሻውን ገንዘብ በግማሽ ቀነሰው። የመሃሉን ሙሉ መጠን ለሚወራረድ ልዩነቱ የባሰ ነው፤ በሦስት ዙር 270፣ በሁለት ዙር 90።

ሌላው ጉዳት ለተፎካካሪ በነፃ የሚሰጥ ካርታ ነው። አራት ልብ ያለው ሰው ከፍሎፑ በኋላ ሁለቱንም ካርታዎች ያለ ክፍያ ካየ አምስተኛውን ልብ የማግኘት ዕድሉ 35 በመቶ ነው። አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር ግን ካላያቸው 46 ካርታዎች የሚጠቅሙት 9 ናቸው፤ ወደ 20 በመቶ መሆኑ ነው። ጋሼ በአራተኛው ካርታ ላይ 20 ሽንብራ ቢወራረዱ ኖሮ ወጣቱ 60 ለማግኘት 20 ይከፍል ነበር። ይህ እንዲያዋጣው ቢያንስ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ሊያገኝ የሚችለውን ለጊዜው ብንተወው፣ ቢከፍል ይከስራል፤ ቢጥል ጋሼ 40ውን ይወስዳሉ። በዝምታቸው ምክንያት ግን ያን ዕድል በነፃ አገኘው።

ለመደበቅ የሚሟገቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1988 በላስ ቬጋስ የተካሄደውን የዓለም ፖከር ውድድር ፍጻሜ ነው። ጆኒ ቻን ጃክና ዘጠኝ ይዞ ፍሎፑ ላይ ንግሥት፣ አስርና ስምንት ወጡለት፤ ተከታታይ አምስት ካርታ በአንድ ጊዜ ሞላ። ውርርዱን ዝም ብሎ እየከፈለ ጠበቀ። ጥንድ ንግሥት የነበረው ኤሪክ ሳይደል በመጨረሻው ካርታ ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ገፋ፤ ቻንም ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት አሸነፈ። ድንቅ አጨዋወት ነበር፤ ሁኔታውን ግን አስተውሉ። የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በዚያ ፍሎፕ ከቻን የሚበልጥ ካርታ አልነበረም። ተፎካካሪውም ራሱ ለመወራረድ የሚያነሳሳው ካርታ ይዟል። አምስት ሰው በተቀመጠበት፣ ሁለት ልብ በተገለጠበት ጠረጴዛ ላይ ይህን መኮረጅ ሌላ ነገር ነው።

አመለካከት፦ «እንግዲያውስ ሁልጊዜ መወራረድ ነው»

እውነታው፦ ይህም አይደለም። ፍሎፑ ንጉሥ፣ ሰባትና ሁለት ሆኖ ምልክታቸው ለየቅል ነው እንበል። ሦስት ሰባት ከያዛችሁ ተወራረዱ፤ ሦስት ነገሥታት ገና አልታዩም፣ ንጉሥ ያለው ሰው በደስታ ይከፍላችኋል። ሦስት ንጉሥ ከያዛችሁ ግን የቀረው ንጉሥ አንድ ብቻ ነው። ሊከፍሏችሁ የሚችሉትን ካርታዎች እናንተው ይዛችኋቸዋል፤ ቀድሟችሁ የሚሄድ ካርታም እምብዛም የለም። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቼክ ብሎ ለሌላው ጥንድ እንዲያገኝ ወይም በባዶ እጁ እንዲያስፈራራ ዕድል መስጠት ያዋጣል። በእኔ ግምት የጉዳዩ እምብርት ይኸው ነው፤ የካርታዬ ጥንካሬ ብቻውን መልስ አይሰጥም፣ ከእኔ የሚያንስ ምን ካርታ ይከፍለኛል የሚለው ነው የሚወስነው።

አመለካከት፦ «ሁለት አስ ካለኝ ማን ይነካኛል?»

እውነታው፦ ካርታ ከመገለጡ በፊት ሁለት አስ አንድ ያልታወቀ ካርታ የያዘ ሰውን 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል። ዘጠኝ ተፎካካሪዎች እስከ መጨረሻው አብረው ቢጫወቱ ግን ዕድሉ ወደ 31 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ውርርዱን ከፍ አድርጎ ተፎካካሪን መቀነስ ስግብግብነት አይደለም።

አመለካከት፦ «በመጨረሻው ካርታ የምበልጥ ከመሰለኝ መወራረድ አለብኝ»

እውነታው፦ በጣም ብልህ የምላቸው ተጫዋቾች እንኳን የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የመጨረሻ ተናጋሪ ናችሁ፣ ሌላው ቼክ ብሏል፣ ጥንድ ንጉሥ ይዛችኋል እንበል። ከ100 ጊዜ 70 ጊዜ ትበልጡት ይሆናል፤ ነገር ግን የሚያንሰው ሁሉ ጥሎ የሚሄድ፣ የሚበልጠው ብቻ የሚከፍል ከሆነ ውርርዳችሁ ኪሳራ ብቻ ነው የሚያመጣው። መጠየቅ ያለበት «በልጫለሁ ወይ?» ሳይሆን «ከከፈለኝ፣ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ እበልጠዋለሁ ወይ?» ነው። መልሱ አይደለም ከሆነ ቼክ ብሎ ካርታ መግለጥ ይሻላል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የሂሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን ከኢኮኖሚስቱ ኦስካር ሞርገንስተርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ፖከርን አቅልሎ መርምሮታል። ከሐሳቦቹ አንዱ፣ ተወራራጁ መወራረድ ያለበት እጅግ ጠንካራና እጅግ ደካማ በሆኑት ካርታዎች ሆኖ በመካከለኞቹ ቼክ ማለት ይገባዋል የሚል ነው። በደካማው የሚወራረደው ሌሎች ጠንካራውን ሲወራረድ እንዲከፍሉት ነው። በጠንካራ ካርታ ብቻ የሚወራረድ ሰው ውሎ አድሮ ከፋይ ያጣል።

አመለካከት፦ «ቀደም ብሎ ውርርዱን ከፍ ላደረገው ሰው ቼክ ማለት ግድ ነው»

እውነታው፦ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ፕሉሪበስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም በስድስት ሰው ጠረጴዛ ምርጥ ባለሙያዎችን ሲያሸንፍ፣ ባለፈው ዙር ከፍሎ ብቻ በቀጣዩ ዙር ቀድሞ መወራረድን ከሰዎቹ እጅግ አዘውትሮ ተጠቅሞበታል። ፍሎፑ ውርርዱን ከፍ ካደረገው ሰው ይልቅ እናንተን የጠቀመ ከመሰላችሁ እርሱ እስኪወራረድ መጠበቅ አያስፈልግም።

አመለካከት፦ «ቼክ ብሎ ከዚያ ውርርድ ከፍ ማድረግ ነውር ነው»

እውነታው፦ በካዚኖ ጠረጴዛ የተፈቀደ ነው። የሚከለክሉ የቤት ጨዋታዎች ስላሉ ግን ካርታ ከመታደሉ በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል። እኛ ቤት ይፈቀዳል። ሲሞከር አደጋው አንድ ነው፤ ሌላውም ቼክ ካለ አንድ ዙር ባዶውን አለፈ፣ ካርታውም በነፃ ሄደ። ስለዚህ ይህን ለማድረግ የምመርጠው ከእኔ በኋላ የሚናገረው ሰው መወራረድ የሚወድ ሲሆን ብቻ ነው። ጋሼ ፊት ለፊት የነበረው ወጣት እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ቼክ ተብሎለት ሁለቱንም ጊዜ ቼክ ብሎ ልቡን ሲጠብቅ ነበር።