የአሮጌ ጌም ካሴትና ዲስክ አያያዝ፦ የሚባለውና እውነታው

ከኒንቴንዶው ባለ ካሴት ማሽን ከፋሚኮም እስከ ባለ ዲስኩ ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ዘመን የቪዲዮ ጌም ዕቃ በአዳማ ፈጽሞ አልጠፋም። በተዘጉ ጌም ቤቶች ጓዳ፣ በጥገና ሱቆች መደርደሪያ ሥር ካርቶን ውስጥ ታጭቆ ይገኛል። የሚያሳዝነው ብዙው የሚበላሸው ይጠቅመዋል ተብሎ በሚደረግለት ነገር መሆኑ ነው።

«ካሴቱ እምቢ ካለ እፍ በለው»

ካሴቱን የሚያስነሳው ትንፋሹ አይደለም፤ ተነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነው። ትንፋሽ እርጥበት ስለሚያስገባ ከማሽኑ ጋር የሚገናኙትን የብረት ጥርሶች እያደር ያዝጋቸዋል፤ ኒንቴንዶ ራሱ አትንፉበት ይላል። የጆሮ ጥጥ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክሮ ጥርሶቹን በቁመታቸው መጥረግ፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ እየቀየሩ መድገም፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ ነው። 70 በመቶው አልኮል 30 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። በላጲስ መፈተግም የጥርሶቹን ቅብ ይልጣል።

«የዲስክ ነገር በሚያብረቀርቀው ጎን ነው፤ ሥዕል ያለበት ጎን ምንም አይሆንም»

ሲዲ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሲዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ እሱም ከሞላ ጎደል ፕላስቲክ ብቻ ነው። ጌሙ የተጻፈበት አሉሚኒየም ከላይ፣ ከሥዕሉ ሥር፣ በስስ ቫርኒሽ ተሸፍኖ ይገኛል። የታችኛውን ቀላል ጭረት ሌዘሩ ብዙ ጊዜ አልፎት ያነባል። ከላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ሲጻፍበት ወይም የተለጠፈ ስቲከር ሲላጥ ግን አሉሚኒየሙ ይነሳል፤ የሄደው አይመለስም። ዲስኩን ወደ አምፖል አንስቶ ማየት ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካለ እዚያ ላይ የነበረው ጠፍቷል።

የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች ሲዲ ናቸው፤ በፕሌይስቴሽን 2 ሲዲም ዲቪዲም አለ። ዲቪዲ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ስስ ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ መረጃው ያለው መሃል ላይ ነው። እሱን የሚጎዳው መታጠፍ ነው፤ ከሽፋኑ ሲወጣ የመሃሉን መያዣ ተጭኖ እንጂ ጠርዙን ይዞ መንጨቅ አይገባም።

አዳማ ላይ ደግሞ አቧራው አለ። በዙሪያው ኮረብቶች ተርባይን ያስተከለው ነፋስ በየሱቁ በር ደቃቅ አሸዋ ያስገባል፤ ያ አሸዋ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ መጥረግ ነው። እያዞሩ ሲጠርጉ ጭረቱ የትራኩን አቅጣጫ ተከትሎ ይረዝማል፤ የማሽኑ ስህተት ማረሚያ አጭሩን ክፍተት ይሞላል እንጂ ረጅሙን አይችለውም። የጥርስ ሳሙናም ፕላስቲኩን ስለሚፍቅ ለሚቀመጥ ዲስክ አይሆንም።

«ኦሪጅናሉ ይቀመጥ፣ ኮፒው ይጣል»

ከሁሉ የሚጎዳው ይህ ነው። የኦሪጅናል ዲስክ መረጃ ፋብሪካ ውስጥ ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጿል። ኮፒው ግን በሌዘር የተጻፈው ቀለም ላይ ነው፤ ያንን ቀለም ብርሃንና ሙቀት ያደበዝዙታል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ከከረመው ዕቃ ቀድሞ የሚሞተው ኮፒው ነው።

ዋጋውም መናቅ የለበትም። የታወቀ የኳስ ጌም ኦሪጅናል በየአገሩ አለ። እዚሁ የታተመ ሽፋን ያለው፣ ስሙ በእጅ የተጻፈበት፣ የኮፒ ክልከላውን የሚያልፍ ቺፕ በተገጠመለት ማሽን ብቻ የሚሠራ ዲስክ ግን ሌላ ቦታ ማን ያስቀምጠዋል? የከተማው ልጆች የተጫወቱት በእሱ ነው።

ለመገልበጥ ዲስክ ማንበቢያ ያለው ተራ ኮምፒውተር ይበቃል። የፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ በአይሶ (የዲስኩ ቅጂ በአንድ ፋይል) ይወጣል፤ መረጃው በአንድ ንብርብር ብቻ የተጻፈበት እስከ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ግን በቢን እና ኪው ፋይል (ቢኑ መረጃውን፣ ኪው የትራኮቹን ዝርዝር ይይዛል) ይውጣ፤ ብዙ ጌሞች ሙዚቃቸውን በተለየ የድምፅ ትራክ ስለሚይዙ በአይሶ ሲወጡ ሙዚቃው ይቀራል። ዲስኩ ሁለቴ ይነበብና የሁለቱ ፋይሎች ሻ-1 ቁጥር፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላው መለያ፣ ይመሳከር። ካልገጠመ ዲስኩ ይጽዳ፣ የማንበቢያው ፍጥነት ይቀነስ፣ እንደገና ይሞከር። ሽፋኑና የዲስኩ ፊት በ600 ዲፒአይ ስካን ይደረጉ። አንዱ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

«ባትሪው ካለቀ ካሴቱ ሞተ»

ጌሙ ያለው ሮም በሚባለው ቺፕ ላይ ነው፤ ሮም ባትሪ አይፈልግም። ባትሪው የሚጠብቀው ሴቭ የተደረገውን፣ በጥቂት ካሴቶች ደግሞ ሰዓቱን ነው። ጥፋት የሚመጣው ገና ያላለቀውን ባትሪ ቸኩሎ በመንቀል ነው፤ ያኔ ሴቩ ይጠፋል። አንድ ልጅ ስሙን ጽፎ የደረሰበት ቦታም ታሪክ ነውና መጀመሪያ በካሴት ማንበቢያ ወደ ኮምፒውተር ይውጣ። የጌም ቦይና የሱፐር ኒንቴንዶ ካሴቶች ብሎን በተራ ካቻቢቴ አይፈታም፤ 3.8 ሚሊ ሜትር ልዩ ቢት ይፈልጋል። በአሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ ሲአር 2032 ወይም ሲአር 1616፣ ተነብቦ የብረት እግር ያለው ይገዛ። እግር በሌለው ባትሪ ላይ በቀጥታ መበየድ ባትሪውን ያግለዋል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

«ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ምን ያስጨንቃል»

የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠውም ይዘጋል፤ በዚያው ዓመት ማርች 27 ኒንቴንዶ 3ዲኤስና ዊ ዩ ለተባሉት ማሽኖቹ የነበረውን የኢንተርኔት መደብር ለግዢ ዘግቷል።

«ይሰካና ይታይ»

አሮጌ ኮንሶል የሚቃጠለው በዚህ ነው። አዳፕተሩ ላይ «ኢንፑት» የሚለው መስመር ይነበብ። 100–240 ቮልት ካለ ይሰካል፤ የጃፓኑ 100 ወይም የአሜሪካው 120 ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ላይ ያለ ስቴፕ ዳውን (ቮልት ቀናሽ) ትራንስፎርመር አይሰካም። የጃፓን ፋሚኮም መሃሉ ነጌቲቭ የሆነ 10 ቮልት ዲሲ ይፈልጋል። የአሜሪካው ኤንኢኤስ፣ ማለትም የፋሚኮም የውጭ አገር ስሪት፣ አዳፕተር የሚያወጣው 9 ቮልት ኤሲ ስለሆነ መሰኪያው ቢገጥምም ፋሚኮሙን ይጎዳዋል። ለዓመታት ሳይበራ የቆየ ኮንሶል ደግሞ ከመሰካቱ በፊት ይከፈትና ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ካፓሲተር መኖሩ ይታይ።