ቄጤማው ይቅደም ወይስ ወለሉ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆችን ደጋግመው የሚያሰናክሏቸው መበተንንና መሸፈንን የሚገልጹ ግሶች ናቸው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣው የሚበተነው ነገር ነው ወይስ የሚሸፈነው ቦታ?

በወሎ ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ይህን የሚገልጸው «ስትሩ» (strew) የተባለው ግስ ሁለቱንም መንገድ ይቀበላል። ቄጤማው ከቀደመ ከወለሉ በፊት «ኦን» (on፣ ላይ) ይገባል፤ ወለሉ ከቀደመ ደግሞ ከቄጤማው በፊት «ዊዝ» (with፣ በ)። መልእክቱ ግን እኩል አይደለም፤ መምህራን አጥብቀው ሊያስረዱት የሚገባውም ይህንኑ ነው። ወለሉ ሲቀድም ቄጤማው ከዳር እስከ ዳር እንደተዳረሰ ይሰማናል። ቄጤማው ሲቀድም ግን በረከቦቱ ዙሪያ ብቻ ተጎዝጉዞም ሊሆን ይችላል። «ስፕሬይ» (spray፣ መርጨት)፣ «ስፕሪንክል» (sprinkle፣ መነስነስ) እና «ስፕሬድ»ም (spread፣ መቀባት) በዚሁ ሥርዓት ይሄዳሉ። ፈንዲሻ እንደ ነገሩ ሲበተን «ስካተር» (scatter) ይስማማዋል፤ ጨው በስሱ ሲነሰነስ ግን «ስፕሪንክል» ነው።

«ከቨር» (cover፣ መሸፈን) እና «ፊል» (fill፣ መሙላት) ምርጫ አይሰጡም። ወለሉን በቄጤማ «ከቨር» እናደርጋለን፣ ጀበናውን በውሃ «ፊል» እናደርጋለን፤ ቄጤማውን ወይም ውሃውን ማስቀደም ግን ስሕተት ነው። «ፖር» (pour፣ መቅዳት) እና «ስፒል» (spill፣ ማፍሰስ) ደግሞ የእነዚህ ተቃራኒ ናቸው፦ የሚቀዳው ወይም የሚፈሰው ቡና ይቀድማል፣ ሲኒው ይከተላል። ሲኒውን በቡና «ፖር» ማድረግ የሚባል እንግሊዝኛ የለም።

«ስትሩ» በብዛት የሚገኘው «ስትሩን» (strewn) በሚለው ቅጹ ነው፤ ከእሱም ኋላ ብዙ ጊዜ «ዊዝ» ይከተላል፦ መንገዱ በቅጠል፣ ግቢው በቆሻሻ ተሞልቶ ሲታይ።