የካንሰር ዓይነቶች አመዳደብ፦ ከናሙና ዕቃ እስከ ውጤት ወረቀት

ካንሰር ከመቶ በላይ በሽታዎች የሚጠሩበት የጋራ ስም ነው። ከኮምቦልቻ በሪፈር ደሴ ወጥቶ ናሙና የሰጠ ታማሚ የሚቀበላት የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ወረቀት ሕመሙ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ትለያለች፤ ከየትኛው አካል ተነሳ፣ ከምን ዓይነት ህዋስ፣ ህዋሱስ ከጤነኛው ምን ያህል ርቋል? የት ደርሷል የሚለውን ግን ብቻዋን አትመልስም።

መነሻው ይቀድማል። ከጡት ተነስቶ ጉበት የገባ ካንሰር ስሙ የጡት ካንሰር ነው፣ መድኃኒቱም የጡቱ። ቤተሰብ «አሁን ደግሞ የጉበት ካንሰር ያዛት» ቢልም አዲስ በሽታ አልመጣም፤ የነበረው ተዛምቶ ነው።

በህዋስ ዓይነት ሲመደብ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ካርሲኖማ ነው፤ ከአሥር የአዋቂ ካንሰሮች ስምንት ዘጠኙ ከዚህ ወገን ናቸው። የሚነሳው ቆዳንና የውስጥ አካላትን ከሚሸፍኑ ህዋሶች ነው። በአፍ፣ በምግብ ቧንቧና በማህፀን በር የሚበዛው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ሲሆን በጨጓራ፣ በትልቁ አንጀትና በፕሮስቴት የሚበዛው አዴኖካርሲኖማ ነው። ሳርኮማ ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከስብ ይነሳል። የደም ካንሰር የሚባሉት ሉኪሚያና ማይሎማ ከመቅኔ፣ ሊምፎማ በአብዛኛው ከንፍፊት ይመነጫሉ። ሜላኖማ፣ ከቆዳ ቀለም ሰጪ ህዋሶች የሚነሳው፣ የነጮች በሽታ ይመስላል፤ ሆኖም በጥቁር ሰው ላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ውስጥ እግር ላይ ስለሆነ እንደ ተራ ቁስል ታይቶ ይከርማል። አንገት ላይ ያበጠ ንፍፊት ደግሞ በእኛ አገር ቲቢ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነውና ናሙና ሳይታይ ሊምፎማ ነው ማለት አይቻልም።

በካንሰር መዝገብ ላይ ይህ ሁሉ ወደ ቁጥር ይቀየራል። ሲ 53 የማህፀን በር ነው፣ 8070/3 ደግሞ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ። ከመስመሩ ቀጥላ ያለችው ቁጥር ብዙ ትናገራለች፦ 0 ካንሰር ያልሆነ ዕጢ፣ 2 ገና ከሽፋኑ ሥር ያልዘለቀ፣ 3 ሰርጎ የገባ። በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና፣ ኤፍ ኤን ኤ የሚሉት፣ የተበታተኑ ህዋሶችን እንጂ አቀማመጣቸውን ስለማያሳይ 2ን ከ3 አይለይም። «ባዮፕሲ (ቁራጭ ሥጋ) ይጨመር» የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ ታማሚን ለማመላለስ አይደለም።

ምደባው በአብዛኛው የሚበላሸው ማይክሮስኮፑ ጋ ሳይደርስ ነው። የተቆረጠ ሥጋ ደም ስለማያገኝ ወዲያው መበስበስ ይጀምራል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመበስበስ በሚጠብቀው ፈሳሽ፣ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ይህም ከፋብሪካ የመጣው አንድ እጅ፣ ውኃው ዘጠኝ እጅ ሆኖ የሚበጠበጥ ነው፤ ለጡት ናሙና ጨው ተጨምሮ አሲድነቱ የተስተካከለው ይመረጣል። መጠኑ የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን። ሙሉ ጡት በጠባብ ዕቃ ታጭቆ ከተላከ ፎርማሊኑ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚዘልቅ ውጭው ይደርቃል፣ መሀሉ ይበሰብሳል። መፍትሔው በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መሰንጠቅ ነው። ግሉኮስ ወይም ሳላይን (ጨዋማ ውኃ) ግን ናሙናን ከመበስበስ ከቶውንም አይጠብቅም። የጡት ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት፤ ዓርብ ማታ የተቆረጠውን እስከ ማክሰኞ ያቆየ ሰው ከዚህ ገደብ ያልፋል።

ከሁሉ የሚምታታው ግሬድና ስቴጅ ነው። ግሬድ የህዋሱን ጠባይ ይመዝናል። ለጡት ካንሰር ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ ህዋሶቹ ቱቦ መሥራታቸው፣ የኒውክለሳቸው (የህዋሱ እምብርት) መልክና የመከፋፈል ፍጥነታቸው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ይሰጣል። ድምሩ ከ3 እስከ 5 ግሬድ 1፣ 6 እና 7 ግሬድ 2፣ 8 እና 9 ግሬድ 3 ነው። በፕሮስቴት ግሬዱ የሚሰጠው ግሊሰን በሚባል ነጥብ ነው፤ 3+4 እና 4+3 ሁለቱም 7 ይሁኑ እንጂ ሁለተኛው ይከፋል፤ ቀድሞ የሚጻፈው በናሙናው የሚበዛው ስለሆነ በሁለተኛው የሚበዛው 4 ነውና። ስቴጅ ግን የስፋት ጉዳይ ነው፦ ቲ የዕጢው መጠን፣ ኤን ንፍፊት፣ ኤም ርቆ መሄዱ። እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጡት ዕጢ ቲ 1፣ ከ2 እስከ 5 ቲ 2፣ ከ5 በላይ ቲ 3 ነው፤ ቆዳውን ካቆሰለ ወይም ደረት ግድግዳ ከያዘ መጠኑ ምንም ይሁን ቲ 4 ይባላል። ኤምን ለመወሰን አልትራሳውንድ፣ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ስለዚህ «ግሬድ 3» ያለበት ወረቀት ይዞ «ስቴጅ ሦስት ደርሷል» ብሎ ማልቀስ ያለ ምክንያት ነው፤ ግሬድ 3 የሆነ ስቴጅ 1 አለ። ሉኪሚያ ከመነሻው በደም ስለሚዘዋወር በቲ ኤን ኤም አይመደብም።

ለጡት ካንሰር የሆርሞንና የኸር 2 (በህዋሱ ገጽ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን) ምርመራ ይጨመራል። ከህዋሶቹ ኒውክለስ 1 በመቶው እንኳ የኢስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይን የሚያሳየውን ቀለም ከያዘ ፖዘቲቭ ነው፤ ሆርሞኑን የሚያግድ ታሞክሲፈንን የመሰለ ርካሽ እንክብል ይታሰብላታል ማለት ነው። ኸር 2 ላይ 0 እና 1+ ኔጋቲቭ፣ 3+ ፖዘቲቭ ሲሆኑ 2+ በሌላ ዘዴ ይረጋገጣል። ይህን ምርመራ አዲስ አበባ ለማሠራት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ሰው ወረቀቱን ብቻ ይዞ አይሂድ። ናሙናው በሰም የታሸገበትን ብሎክና ስላይዱን (ቁራጩ የተለጠፈበትን መስታወት) ከላብራቶሪው ፈርሞ ይውሰድ። ብሎኩ በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ለዓመታት ይቆያል፣ ከእሱም ሌላ ቀጭን ቁራጭ ይወጣል፤ ታማሚዋ እንደገና አትቆረጥም።