የርዕደ መሬት መጠንና የሚለቀቀው ኃይል፦ ከጎንደር ሲታይ

ጎንደር ከስምጥ ሸለቆው ርቆ በሚገኘው የሰሜን ምዕራብ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንደ አፋርና እንደ ፈንታሌ አካባቢ መሬቷ ቶሎ ቶሎ አይንቀጠቀጥም። ዜናው ግን እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ በቁጥር ይደርሳታል፤ «በሬክተር ስኬል 5.8»፣ «6.0» እየተባለ። ቁጥሮቹ የተቀራረቡ ስለሚመስሉ ልዩነታቸውን ከቁም ነገር የሚጥፈው ጥቂት ሰው ነው። ከ5.8 ወደ 6.0 ሲኬድ ግን የሚለቀቀው ኃይል በእጥፍ ያድጋል።

የመጀመሪያውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሪክተር ነው። ዛሬ ለትላልቅ ርዕደ መሬቶች የሚሠራበት ሞመንት ማግኒቲዩድ የሚባለው ስሌት ሲሆን፣ መነሻው የተሰነጠቀው ዓለት ስፋት፣ የተንሸራተተበት ርቀትና ግትርነቱ ነው። መጠኑ በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር መሣሪያው የሚመዘግበው የሞገድ ከፍታ 10 እጥፍ፣ ኃይሉ ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሁለት ቁጥር ከፍ ሲል ኃይሉ 1,000 እጥፍ ይደርሳል።

መጠኑ 6.0 የሆነ ርዕደ መሬት በሞገድ መልክ የሚያሰራጨው ኃይል 63 ትሪሊዮን ጁል ያህል ነው። ከጎንደር ብዙም የማይርቀው፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ይህን ለማመንጨት በሙሉ አቅሙ 38 ሰዓት መሥራት ይኖርበታል። ለ4.0 ከሁለት ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይበቃዋል፤ ለ8.0 ግን ከአራት ዓመት በላይ ያለ ዕረፍት መሥራት አለበት። ይህም ሞገድ ሆኖ የሚወጣው ብቻ ነው፤ ብዙው ኃይል እዚያው ከመሬት በታች በሰበቃ ሙቀትና ዓለት በመሰባበር ያልቃል።

መጠን ለአንድ ርዕደ መሬት አንድ ነው፤ ንዝረቱ ግን እንደየቦታው ይለያያል። ርቀት፣ የመነሻው ጥልቀት፣ የአፈሩ ዓይነትና የቤቱ አሠራር ይወስኑታል። በአንድ ቦታ የተሰማው ንዝረትና የደረሰው ጉዳት የሚገለጸው ከ1 እስከ 12 ባለው የመርካሊ መለኪያ ነው። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት መጠኑ 6.0 ነበር። ከዚያ እስከ ጎንደር በቀጥታ መስመር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሞገዱ በመንገዱ እጅግ ይዳከማል። ቅርብ ቢሆን ግን በጣም ያነሰ መጠን ያለውም ግድግዳ ሊሰነጥቅ ይችላል።

በፋሲል ግቢ የሚገኘው የቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 በርዕደ መሬት ተጎድቷል። በዚያ ዘመን ሞገድ የሚመዘግብ መሣሪያ አልነበረም፤ የቀረው ማስረጃ ጉዳቱ ነው። አንድ ሕንፃ ብቻውን ደግሞ ርዕደ መሬቱ ቅርብና ትንሽ ይሁን ሩቅና ትልቅ አይለይም፤ ለዚያ በተለያየ ርቀት ካሉ ቦታዎች የተገኘ መረጃ ጎን ለጎን መታየት አለበት። በዚህ ቤተ መንግሥት ላይ ሥራውን ይበልጥ የሚያከብደው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብም ስለጎዳው የትኛው ፍርስራሽ የየትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ማስፈለጉ ነው።