መሠረተ ትምህርት፦ ልጅ አስተማሪ፣ አባት ተማሪ የሆኑበት ዘመቻ

መሠረተ ትምህርት በኢትዮጵያ ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በዙር በዙር የተካሄደ የማንበብ፣ የመጻፍና የሒሳብ ትምህርት ዘመቻ ነው። መሪ ቃሉ «ያልተማረ ይማር፣ የተማረ ያስተምር» ነበር። ካስተማሩት መካከል ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ከፊታቸው የተቀመጡት ደግሞ እናትና አባት የሚሆኗቸው ሰዎች ነበሩ።

ወጣትና ጎልማሳ ለአፍሪካ እድገት አብረው ይሥሩ ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ስብሰባና ስለ መግለጫ ነው። እኔ ግን ቀድሞ የሚታየኝ ይህ ዘመቻ ነው። ጥሩውም መጥፎውም አንድ ላይ ይገኝበታል።

ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየላከ ማሠራት ጀመረ። አብዛኞቹ የሄዱት ለማስተማር ነው። ከአብዮቱ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አወጣ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ዘማቾቹ ገበሬ ማኅበር ያደራጁ ጀመር። አንዳንድ ቦታ ከባለሥልጣናትና ከባለርስቶች ጋር ተጋጩ፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ።

መሠረተ ትምህርት የተጀመረው ቀይ ሽብር ገና ቁስሉ ሳይሽር ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን ቀብሯል፣ የልጁን አስከሬን እንኳ አግኝቶ ያልቀበረም አለ። ወጣቱና ቀበሌው በጥርጣሬ ይተያዩ ነበር። በዚህ መሃል ወጣቶችና ጎልማሶች አንድ ዳስ ውስጥ ፊደል ይዘው መቀመጣቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገበሬ ማኅበሩ ወይም ቀበሌው ዳሱን ይሠራል። መቀመጫው ድንጋይም ግንድም ሊሆን ይችላል። ከከተማ የመጣውን ዘማች የሚያሳድረውና የሚያበላው ሕዝቡ ነው። ዘማቹ በበኩሉ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ሀ ሁ ይላል። ሥራ የበዛበት ገበሬ ከእርሻ ሲመለስ ይማራል፤ እናት ልጇን አዝላ ትማራለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዘማቹ ፊደል ያውቃል እንጂ በሬ መጥመድ አያውቅም፣ የአካባቢውን ሰው ጠባይ አያውቅም፣ አንዳንዴም ቋንቋውን አያውቅም። ያንን የሚያስተምሩት ተማሪዎቹ ናቸው። በክፍል ውስጥ መምህር፣ ከክፍል ውጭ ልጅ ነው። ሁለቱም ወገን የሚሰጠው ስለነበረው ይመስለኛል መከባበሩ የጸናው።

ትምህርቱ መጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በኋላ ወደ 15 አደገ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛና ሶማሊኛ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ለብዙዎቹ ቋንቋዎች በትምህርት መጽሐፍ መታየት አዲስ ነገር ነው።

ከአብዮቱ በፊት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ልጁ ወታደር የሆነበት ቤት ደብዳቤ ሲደርሰው የሚያነብለት ሰው መፈለግ ነበረበት። የቤቱን ምስጢር ጎረቤት ቀድሞ ይሰማዋል። ስሙን ጽፎ መፈረም የቻለ ሰው በአውራ ጣቱ ቀለም መንካት ቀረለት። ይህን ያየ ሰው ዘመቻውን በቁጥር ብቻ አይለካውም። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት ሰጥቶታል።

ችግሩም ብዙ ነው። ክረምት ተማሪው ዕረፍት የሚወጣበት፣ ገበሬው ግን ቀና ብሎ የማያይበት ወቅት ነው። ዘመቻው ግን ለተማሪው በተመቸ ጊዜ ይወጣ ነበር። ቀርቶ የተገኘ ሰው በቀበሌው የሚቀጣበት ቦታ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ የመንግሥት ፖለቲካ ገብቷል። ከሁሉ የከፋው ግን ምስክር ወረቀት ከተሰጠ በኋላ የሚነበብ ነገር ማጣት ነው። የንባብ ቤቶች ተከፍተው ነበር፣ ግን ለሁሉም አልደረሱም። ያላነበበ ሰው ይረሳል። ብዙ ሰው ረሳ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲበረታ ዘመቻው ተዳከመ፤ በ1983 ዓ.ም. ከደርግ መንግሥት ጋር አበቃ።

ዛሬ ጎልማሶች የሚማሩት በተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ነው። ወጣቶች ደግሞ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፣ ደም ይለግሳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በባንጁል የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተርም ከ15 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ወጣት ብሎ፣ መብታቸውን ብቻ ሳይሆን ግዴታቸውንም ዘርዝሯል። ወላጆችንና ሽማግሌዎችን ማክበርና ሲቸገሩ መርዳት አንዱ ነው።

ያ የደብዳቤ ችግር አሁን ወደ ስልክ ዞሯል። እናቶች በቴሌብር ብር ለመላክ የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሱቁ ልጅ ሲነግሩ አያለሁ። ቁጥሩን ራሳቸው እንዲያስገቡ ማሳየት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ክረምት ሲመጣ የሰፈሩ ወጣቶች ከቤት እድሳቱ ጎን ይህን ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።