ወሎ፦ የአባት ስም አገር ሲሆን

ወሎ ዛሬ የአገር ስም ነው፤ መጀመሪያ ግን የሰው ስም ነበር። በኦሮሞ የዘር ሐረግ ወሎ ከከረዩ ልጆች አንዱ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ ኦሮሞ በግዕዝ የጻፉት መነኩሴ አባ ባሕርይም ከከረዩ ልጆች መካከል ይቆጥሩታል። ከእርሱ የሚወለዱት ጎሳዎች ወደ ሰሜን ዘልቀው ሲሰፍሩ የአባታቸው ስም አብሯቸው መጣ፤ ውሎ አድሮም ከሰዎቹ ወደ መሬቱ ተላለፈ።

ምድሩ ግን ከዚያ በፊት ስም አልባ አልነበረም። ደቡቡ አማራ ወይም ቤተ አማራ፣ ሰሜኑ አንጎት ይባል ነበር። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና ግሸን ማርያም የሚገኙት በዚሁ ጥንታዊ አገር ነው። የቀድሞው ስምም ጨርሶ አልጠፋም፤ በደቡብ ወሎ የአማራ ሳይንት ወረዳ እስከ ዛሬ ይዞት ይኖራል።

በዚያው ዞን ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ የሚሉ ስሞች አሉ። «ወረ» በአፋን ኦሮሞ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ስለሆነ፣ ወረኢሉ የኢሉ ቤት፣ የኢሉ ወገን እንደ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ቤተ አማራም «ቤት» ብሎ ነው የሚጀምረው። በሁለት ቋንቋ፣ በተለያየ ዘመን፣ አንዱን ምድር የሰየሙት ሰዎች መሬቱን የጠሩት በነዋሪው ቤት ነው። አንደኛውን ስም እውነተኛ፣ ሌላውን መጤ እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉት እወዳለሁ።

ለጋምቦና ለገሂዳ «ለጋ» ከሚለው፣ ወንዝ ማለት ከሆነው የኦሮምኛ ቃል ይነሣሉ። ኮምቦልቻ ደግሞ በአማርኛ አጣጥ የምንለው ተክል የኦሮምኛ ስም ነው፤ በሐረርጌም ሌላ ኮምቦልቻ ያለው ስለዚህ ነው። ሐይቅ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከአጠገቧ ካለው ውኃ ነው። ደሴን በተመለከተ በሰፊው የሚነገረው፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በስፍራው ሰፍረው ሳለ በሰማይ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደስተው «ደሴ» አሏት የሚለው ነው።

ወሎ የሚለው ስም ሰፊውን ግዛት የጠቀለለው ቀስ በቀስ ነው። ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ የንግሥና መጠሪያ ሆነ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ የክፍለ ሀገር ስም ሆኖ ላስታን፣ ዋግንና የጁን ጭምር ያካትት ነበር። ዛሬ በአማራ ክልል ሰሜን ወሎና ደቡብ ወሎ የተባሉ ዞኖች ይጠሩበታል።

ስም በዚህ አገር መሬት ላይ ብቻ አይቀመጥም። ከአራቱ ታዋቂ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ መጠሪያቸውን ያገኙት ከወሎ ነው፤ ባቲ የገበያ ከተማ፣ አምባሰል ደግሞ ተራራማ አገር ናቸው።